የሲስተር ተዋበች «አዎ»

ሳን ሆዜ በገባሁ ሰሞን ሐበሻው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለኝ ነበር። ኢንጂነር አልነበርኩም። በዲቪ መጥቼ አንድ የኮምፒውተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቀጠርኩ፤ ሥራዬ ክዳኑን ገጥሞ በብሎን ማሰር ነው። ከክዳኑ በታች ምን እንዳለ የሚያውቁት ከእኔ በፊት የተሰለፉት ቬትናማውያን ሴቶች ናቸው። ይህን ግን ለማን ይነገራል? አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «የት ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ «ኮምፒውተር ፋብሪካ» አልኩ፤ በዚያው ተሾምኩ። ከዚያ ወዲህ የማንም ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። እምቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም። ይሉኝታ ይዞኝ እሄዳለሁ፣ መንገድ ላይ እጸልያለሁ፣ ስደርስ ክዳኑን እከፍታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሽቦ ሆኖ ይገኛል፤ እሱን አጥብቄ ምርቃት ተቀብዬ እመለሳለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በሰው ዕቃ ላይ ትንሽ ትንሽ ተማርኩ።

ሲስተር ተዋበች የደወሉልኝ ፋሲካ ባለፈ ሳምንት ነው፤ ፈረንጆቹ 1996 በሚሉት ዓመት። ሲስተር ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ሲያዋልዱ የኖሩ ነርስ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሳን ሆዜ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አላረፉም። እዚህ አገር ለሚወልዱ እናቶች በአማርኛ መጽሐፍ እየጻፉ ነበር። ኦክላንድ ያለው የእናቶች ማኅበር ሊያሳትምላቸው ቃል ገብቷል።

«ጌታሁን ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ጠግቧል» አሉኝ በስልክ። «የመጽሐፉን ሥዕሎች ላጉርሰው ብል ቦታ የለኝም አለኝ። ትልቁን ሃርድ ድራይቭ ገዝቻለሁ፤ መጥተህ ግጠምልኝ።»

ለማያውቅ ሰው፣ ሃርድ ድራይቭ ማለት የኮምፒውተሩ ጎተራ ነው። የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጎተራ ቀይሬ አላውቅም። «እሺ ሲስተር፣ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ» አልኩ። አሁንም ሳስበው ይገርመኛል፤ አፌ ከእኔ ሳይማከር ነው እሺ የሚለው።

ሐሙስ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈው ጠበቁኝ። በሩ ላይ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ነገር «እጅህን ታጥበሃል?» ነው። ታጥቤ መጣሁ። ኮምፒውተሩ ማውንቴን ቪው ያለ አንድ ቢሮ አርጅቷል ብሎ ያስወጣው ነው፤ ሲነሳ ያቃስታል። ክዳኑን ስፈታ ብሎኖቹን አንሶላው ላይ በተርታ ደረደርኩ፤ ፋብሪካ የለመድኩት መግጠም እንጂ መፍታት አይደለማ።

ሃርድ ድራይቩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በጠፍጣፋ ሽቦ ነው፤ የሽቦው አንድ ጠርዝ ቀይ መስመር አለው። ቀዩ በትክክለኛው ጎን ካልገባ ኮምፒውተሩ ድራይቩን ጭራሽ አያየውም። ይህን ያስተማረችኝ የፋብሪካችን አንዷ ቬትናማዊት ናት፤ እጄን በመፍቻዋ መትታ። ቀዩን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሰካሁት፤ አበራሁት።

ምንም የለም። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ ብልጭ ድርግም የሚል ነጥብ።

አጠፋሁ፣ ነቀልኩ፣ እንደገና ሰካሁ፣ አበራሁ። አሁንም ጥቁር። የሴትዮዋ ሥራ በሙሉ በዚያች አሮጌ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፤ አጠገቤ ቆመው የሚያዩኝም እንደ ኢንጂነር ነው።

«አትጎትተው» አሉ ሲስተር ከኋላዬ። «ምጡ ገና ነው። የሚቸኩል አዋላጅ ሁለቱንም ነው የሚጎዳው።»

«እሺ ሲስተር።»

«ትተነፍሳለህ ወይስ አትተነፍስም? ተንፍስ እንጂ!»

ተነፈስኩ። ችግሩ በኋላ ገባኝ፤ ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ይህን የሚያህል ጎተራ በዓለም ላይ መኖሩንም አያውቅም። ወደ ማስተካከያው ገጽ ገብቼ ከመጠኑ አሳንሼ፣ ከፊሉን ብቻ እንዲቀበል አባበልኩት። እዚያው ገጽ ላይ ቀኑን ሳይ ዓመቱ 1988 ይላል። ባትሪው ደክሞ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል አልኩና፣ እግረ መንገዴን 1996 ብዬ አስተካከልኩላቸው። በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስም አለኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ድራይቮች አየ። ቀጥሎ ሥራው ከአሮጌው ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። አሮጌውን ስከፍት መጽሐፉን ሁለት ቦታ ተቀምጦ አገኘሁት። የምዕራፎቹ ስም አንድ ነው። ልዩነታቸው ቀናቸው ነው፤ የአንደኛው 1995፣ የሌላው 1988 ይላል።

«ሲስተር፣ መጽሐፉ ሁለት ነው። አንዱ አሮጌ ነው፣ አንዱ አዲስ። ሁለቱንም ልገልብጥ?»

«አሮጌውን ምን ያደርግልኛል? ጣለው! ባለፈው ተሳስቼ እሱን ከፍቼ ስንት ሰዓት ለፋሁበት መሰለህ። ያምናውን ኦክላንድ በማኅበሩ ኮምፒውተር ነው የጻፍኩት፤ ከዚያ በፍሎፒ ዲስክ አመጣሁት። የዘንድሮው ነው መጽሐፌ።»

ያም ሆኖ አላመንኩም፤ ፈሪ ነኝ። 1995 የሚለውን ምዕራፍ አንድ ከፍቼ በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። «ይሄ ነው አይደል ሲስተር?» አልኩ። ጎንበስ ብለው አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉና ቆዩ።

«አዎ ልጄ፣ ይሄው ነው» አሉ።

ከኮምፒውተሩ ፕሮግራሞች ጋር እሱን ገለበጥኩ። ሌላውን ከነድራይቩ ነቅዬ በወረቀት ጠቀለልኩት። «አሮጌውን ለመስፍን ስጠው» አሉኝ፤ መስፍን ኦክላንድ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው፣ ሲስተር ለማኅበሩ ስብሰባ ሲሄዱ እሱ ነው የሚያመላልሳቸው። የእሱ ኮምፒውተር ከእሳቸውም የባሰ ሽማግሌ ነው። በማግስቱ ሳን ሆዜ ሰው አድርሶ ሲመለስ ድራይቩን ሰጠሁትና «ውስጡ ያለውን ደምስሰህ ለራስህ አድርገው» አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ጌታሁን፣ መጽሐፌ ወደ ኋላ ሄደብኝ» አሉ ሲስተር። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

«እንዴት ሲስተር?»

«የማኅበሩ ጸሐፊ መጥታ ጮክ ብላ ስታነብልኝ ነበር፤ አወራረዱን በጆሮዬ ልስማው ብዬ። ያነበበችልኝ ያምናውን ነው። የዘንድሮው የለም። ኮምፒውተሩን በሙሉ ፈለገችልኝ፣ የለም።»

«አይሆንም ሲስተር! አዲሱን ነው ያስቀመጥኩልዎት። በዓመቱ ነው የለየሁት፤ 1995 የሚለውን።»

«ደግሞ ቀኔንም አበላሽተህብኛል። 1996 ይላል አለችኝ።»

«1996 ነዋ ሲስተር።»

«በማን አገር? 1988 ሚያዝያ አሥራ ሁለት አይደለም እንዴ ዛሬ? ይሄ ኮምፒውተር ቤቴ ከገባበት ከመስከረም ጀምሮ በራሳችን ቀን ነው የማስኬደው። በየወሩ እያስተካከልኩ! መስከረም ሠላሳ አንድ ሲለኝ አርሜዋለሁ፤ ጥቅምት ሠላሳን ዘሎ ኅዳር ሲገባብኝ ጎትቼ መልሼዋለሁ። አንተ መጣህና በአንድ ቀን ፈረንጅ አደረግከው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ የቡልጋው ልጅ፣ በ1988 ዓመተ ምሕረት ውስጥ እየኖርኩ፣ 1988 የሚል ጽሑፍ ሳይ ስምንት ዓመት ያረጀ ነገር መሰለኝ። አዲሱ ያ ነበር። አዲሱን ነው ጠቅልዬ የሰጠሁት። ደምስሰው ብዬ።

«ሲስተር፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የለዎትም? ፍሎፒ?»

«ፍሎፒ ላይ ያለው ያምናው ነው። ድራይቩ የታለ?»

ነገርኳቸው። ከዚያ ቀስ ብለው «ደግሜ መጻፍ አልችልም፣ ጌታሁን» አሉ። «በዚህ ዓለም ላይ ያንን ደግሜ መጻፍ አልችልም።» ለምን እንደማይችሉ አልጠየቅኩም። ድካም ነው ያሉት መሰለኝ።

ስልኩን ዘግቼ መስፍን ቤት ደወልኩ። ያነሳችው ልጁ ሊያ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«ሊያዬ፣ ዳዲ አለ?»

«የስ።»

«ጥሪልኝ ማሚዬ፣ ቶሎ!»

«ሂ ኢዝ ፊክሲንግ ዘ ኮምፒውተር። ሂ ሴድ ኖ ፎን።»

«ሊያ፣ ስሚኝ፣ እንዳይነካው በዪው! እንዳያጠፋው! ጌታሁን ነው በዪው!»

«ኦኬ» አለችና ስልኩን የሆነ ነገር ላይ ስታስቀምጠው ተሰማኝ። ጠበቅኩ። የካርቱን ሙዚቃ ይሰማል። ከሩቅ የመስፍን ድምፅ አንድ ነገር ሲራገም ሰማሁ። ሊያ ወደ ካርቱኗ ተመልሳለች። «ሊያ! ሊያ!» እያልኩ ጮህኩ፤ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ። ዘግቼ ስደውል መስመሩ ተይዟል፤ ልጅቷ ስልኩን አልመለሰችውም። መልእክት በሚቀበልባት መጥሪያ፣ ፔጀሩ ላይ ላክሁ፣ ደግሜ ላክሁ። መስፍን ፔጀሩን ታክሲው ውስጥ ጥሎት እንደሚውል አውቃለሁ።

የመኪና ቁልፌን ይዤ ስወጣ ስልኩ እንደገና ጮኸ። መስፍን ነው ብዬ ዘልዬ አነሳሁ። ሲስተር ናቸው።

«መጥተህ ውሰደኝ።»

«ሲስተር፣ ብቻዬን ብሄድ ይፈጥናል…»

«ውሰደኝ አልኩህ።»

ወሰድኳቸው። ነጠላቸውን እንደ ቀበቶ ታጥቀው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ለሥራ የተጠሩ አዋላጅ ይመስላሉ። በ880 አውራ ጎዳና ወደ ኦክላንድ ስንወጣ መንገዱ በጭነት መኪና ታጭቋል። ቅዳሜ ነው፣ ለምን እንደሚጨናነቅ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። አሮጊቷ ቶዮታዬ ከሃምሳ ማይል በላይ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፤ እኔም አብሬያት። በየደቂቃው መስፍን ቁልፍ ሲጫን ይታየኛል። ድራይቭ ለመደምሰስ አንድ ትእዛዝና አንድ ፊደል ይበቃል።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ» ልል ብዬ ነበር። ዋጥኩት።

«ጣለው ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉ ሲስተር፣ የሰሙኝ ይመስል። «አንተ አትቃጠል። አሁን የት ደረስን?»

«ሄይዋርድ ነን። ያው ሰሌዳው።»

«እ።» ትንሽ እንደሄድን «ሳን ሊያንድሮን አለፍን?» አሉ። ሳን ሊያንድሮ የሚለው አረንጓዴ ሰሌዳ ቤት የሚያህል ሆኖ ከፊታችን ተሰቅሏል።

«ሲስተር፣ አይታይዎትም እንዴ?»

«ፀሐዩ ነው» አሉ። ፀሐዩ ከኋላችን ነበር። እኔ ግን ልቤ ኦክላንድ ስለነበር ነገሩን አለፍኩት።

ሳን ሊያንድሮ ስንደርስ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ከሕዝብ ስልክ ደወልኩ። አሁንም ተይዟል። ስመለስ ሲስተር እጃቸውን አጣጥፈው ያወራሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም።

«የመጀመሪያውን የጻፍኩት ለሐኪም ነው፤ ዕውቀቴን ላሳይበት። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ግን አንዲት ልጅ ኦክላንድ ወለደች፤ ብቻዋን ናት፣ ቋንቋ የላትም። ነርሷ ትገባና አር ዩ ኦኬ ትላታለች። ልጅቷ፣ ሰው ላለማስቸገር፣ የስ ትላለች። ደም እየፈሰሳት የስ! ነርሷ ደጋግማ ጠየቀቻት፣ ልጅቷ ደጋግማ የስ አለች። በኋላ ስትወድቅ ነው የደረሱላት። ዳነች፣ ተመስገን። እኔ 'ለምን ዝም አልሽ?' ብላት 'አፈርኩ ሲስተር' አለችኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ከመጀመሪያ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። በልጅቷ አማርኛ። ምን እንደምትል፣ እንዴት እንደምትለው። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ መስመር 'ደህና ሳትሆኚ ደህና ነኝ አትበይ' ነው የሚለው።»

ከዚያ በኋላ እስከ ኦክላንድ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነው የነዳሁት።

መስፍን የሚኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን በሩጫ ልወጣ ስል ሲስተር ክንዴን ያዙ። የመጀመሪያዋን ደረጃ ሳቱና ልንወድቅ ነበር። «ቀስ» አሉኝ እኔን፣ የሳትኩት እኔ ይመስል። በሩን አንኳኳሁ፣ ደበደብኩ። መስፍን መፍቻ በእጁ፣ ላብ በግንባሩ፣ በካናቴራ ሆኖ ከፈተ።

«ደመሰስከው?» አልኩት ሰላም እንኳን ሳልለው።

«ምኑን ነው የምደመስሰው?» አለ ተቆጥቶ። «ሬሳ ነው የሰጠኸኝ! ከጠዋት ጀምሮ ላጠፋው እየታገልኩ፣ ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም አለኝ። ሲስተር! ይግቡ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ?»

ወለሉ ላይ የተዘረገፈውን ኮምፒውተር አየሁ። ድራይቩ ተሰክቷል። ጠፍጣፋው ሽቦም ተሰክቷል፣ ቀዩ መስመር ግን በተቃራኒው ጎን ነው ያለው። መስፍን በሙሉ ጉልበቱ፣ በሙሉ እልሁ፣ ገልብጦ ነው የሰካው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ወጣኝ። «መስፍኔ፣ ገልብጠህ ሰክተኸዋል። እግዜር ይስጥህ።»

«ይሄ ስድብ ነው ምርቃት?»

«ምርቃት ነው። ቀዩን ሳላሳይህ የሰጠሁህን ጊዜ ነው የምባርከው።»

ነቅዬ አገላብጬ ሰካሁ። ኮምፒውተሩ አጉረመረመና ተነሳ። የፋይሎቹን ዝርዝር ጠራሁ። ምዕራፎቹ በተርታ ወጡ፤ ሁሉም 1988። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዓመተ ምሕረት ወድጄ አላውቅም። እርግጠኛ ልሁን ብዬ ምዕራፍ አንድን ከፈትኩት፤ ተከፈተ። መቼም የመስፍን ኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል የለውም፤ የአማርኛው መጻፊያ ያለው ሲስተር ቤት ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የወጣው የዶላር ምልክት፣ የፐርሰንት ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ጆሮና ጭራው የማይታወቅ ኮተት ነው። ግድ የለኝም፤ ፊደሉ ቤት ሲደርስ ይመለሳል። ይህንኑ ላስረዳ ዞር ስል መስፍን ቀድሞኝ ለሲስተር ወንበር ስቦ አስቀምጧቸዋል።

«ይሄው ሲስተር!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «መጽሐፍዎ ይሄ ነው?»

ሲስተር ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። እንደ ሐሙሱ ቆዩ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና «አዎ» አሉ። «ይሄው ነው፣ የእኔው ነው። ተመስገን።»

መስፍን አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩበት፤ ዝም በል ማለቴ ነው። ሊያ ግን ከሶፋው ጀርባ ብቅ ብላ ስክሪኑን አየችና፣ በጠራ ድምፅ፣

«ባት ዛት ኢዝንት ኢቭን ሌተርስ!» አለች፤ ይሄ ፊደል እንኳን አይደለም ማለቷ ነው።

ሲስተር እንግሊዝኛ ያውቃሉ። እጃቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ። ልጅቷን አልተቆጧትም፣ እኔንም አላዩኝም። የት እንዳየሁ ባላውቅም እኔም እሳቸውን ማየት አቃተኝ። ሐሙስ ዕለት ያሳየኋቸው ገጽ ትዝ አለኝ፣ ሰሌዳው ትዝ አለኝ፣ ደረጃው ትዝ አለኝ። «በዚህ ዓለም ላይ ደግሜ መጻፍ አልችልም» ያሉት ያኔ ገና ገባኝ። ድራይቩን ስናጣ የፈራሁት ፍርሃት ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም።

ስንመለስ ድራይቩን በነጠላቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቀፉት። ሄይዋርድን አልፈን ነው የተናገሩት።

«ሞራ ነው፣ የዓይን ሞራ። ከገና ወዲህ ጭጋግ ነው የማየው። የሚታየኝ ነጭ ነገር ላይ ጥቁር ጥቁር ነው፤ የሚተይበው ጣቴ ነው፣ ፊደሉ ጣቴ ላይ አለ።»

«ሐሙስ ያሳየሁዎትስ?»

«የእኔ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ሲስተር፣ ሞራ ይወጣል እኮ! እርስዎ ይህን ሳያውቁ ነው?»

«ስንቱን አጅቤ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብቻለሁ! የወንድሜን ዓይን ግን ሞራውን ሊያወጡ ገብተው አጠፉት። አጠገቡ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ለሌላው አይዞህ እላለሁ፣ የራሴ ሲሆን እግሬ አልሄድ አለኝ። ደግሞ ዓይኗ ፈሷል ከተባለ መጽሐፉን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ምን ይቀረኛል ከዚያ?»

እሳቸውን መገሠጽ የእኔ ቦታ አልነበረም፤ በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ። ግን ቀኑን ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። «ሲስተር» አልኩ፣ «እርስዎም የስ ነው ያሉት።»

ፍሪሞንትን እስክናልፍ ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀመጡ። ገደል የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ በቀስታ «ሰኞ ሐኪም ቤት ኮል አድርግልኝ» አሉ። «ቁጥሩን አላየውም።»

ያን ዕለት ድራይቩን መልሼ ገጠምኩ፤ ቀዩን አራት ጊዜ አየሁት። ሁለቱንም መጽሐፍ፣ ያምናውንም የዘንድሮውንም፣ አዲሱ ጎተራ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሰዓቱንም ወደ 1988 መለስኩላቸው። «ጳጉሜ ስትመጣስ ምን እናድርገው? አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም» ብላቸው «አጥፋው፤ እሱም ይረፍ» አሉኝ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ መጽሐፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የታዘዝኩትን አረምኩ። አስቡት፣ ያላገባ ጎረምሳ፣ ስለ ምጥና ስለ እንግዴ ልጅ በከፍተኛ ድምፅ! መጀመሪያ ጆሮዬ ይቀላ ነበር። በኋላ ግን ሳላውቀው ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት፤ የሚያም ነገር በአማርኛ ምን እንደሚባል፣ በእንግሊዝኛ ለነርሷ እንዴት እንደሚነገር። ፋብሪካው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ሌላ ክዳን የሚገጠምበት ፋብሪካ ሲፈልግ፣ እኔ ሆስፒታል ሄጄ አስተርጓሚ ልሁን አልኩ። ሥራዬ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። የእንጀራ መንገዴን የቀየረው ያ አሮጌ ድራይቭ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

የሥራውን ግማሽ የምሠራበትን ዘዴም ያን ቅዳሜ ነው ያገኘሁት። ሐኪሙ አስረድቶ ሲጨርስ «ገባዎት?» ብዬ አልጠይቅም፤ ያገሬ ሰው ሁሉ አዎ ነው የሚለው። አክብሮ አዎ ይላል፣ አፍሮ አዎ ይላል፣ ላለማስቸገር አዎ ይላል። እኔ «እስቲ እርስዎ ለእኔ ይንገሩኝ፣ ምን አለ?» ነው የምለው። እናንተም ቤት አባት ወይም እናት ካለች፣ መድኃኒቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይተው «አዎ፣ ይሄው ነው» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ። እስቲ ያንብቡልኝ በሉ። ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ።

የሲስተር ዓይን በፈረንጆቹ በጋ ተሠራ። ሬድውድ ሲቲ ያለች ክሊኒክ ወስጄ መለስኳቸው፤ እኔ ውጭ ተቀምጬ ጥፍሬን ጨረስኩ። ፋሻው በተነሳ ማግስት ቤታቸው ስሄድ ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ ግን አላበሩትም። ፈርተዋል። እኔም ፈርቻለሁ። አበራሁት። የቱን እንደምጫን ሳላይ ጫንኩ፤ ብቻ አንድ ገጽ ተከፈተ።

«ይሄ ነው ሲስተር?» አልኩ።

አልተጠጉም። ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ እንዳስደገፉ አዩት። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነው። እኔ ስክሪኑን ሳይሆን እሳቸውን ነው የማየው።

«አይደለም» አሉ። «ይሄ ያምናው ነው። ዝጋው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ምነው፣ ማንበብ አትችልም እንዴ?» አሉኝ።

በሕይወቴ ከብዙ ሰው ብዙ አዎ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ «አይደለም» ግን ደስ ያሰኘኝ ቃል የለም። ዓይኔን ጠርጌ ያምናውን ዘጋሁትና የዘንድሮውን ከፈትኩላቸው።